ዐሥር ሐውልት፣ ሁለት ጉድለት

በ2017 ዓ.ም. የሆሣዕና እሑድ፣ በሰሜን ፈረንሳይ ገጠር፣ የድንጋይ ንጣፉ ወደ ቀኝ በሚታጠፍበት አንድ ጠባብ ስፍራ ላይ፣ የዓለም ሻምፒዮን የሚለብሰውን የቀስተ ደመና ማሊያ የለበሰ የ26 ዓመት ጎልማሳ ከልኩ ያለፈ ፍጥነት ይዞ ገባና መታጠፊያውን ሳተ፤ ብስክሌቱ ንጣፉን ለቅቆ ወደ መንገዱ ዳር ወጣ፣ እርሱም ወደቀ። አብሮት የቀረው ብቸኛ ተፎካካሪ፣ ሆላንዳዊው ማቲው ቫን ደር ፑል፣ መታጠፊያውን እንደሚገባ ይዞ አለፈ። የፓሪስ–ሩቤ ውድድር ሊፈጸም ገና 38 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረው ነበር። የወደቀው ስሎቬናዊ ታዴይ ፖጋቻር ወዲያው ተነሥቶ ቢከተልም፣ በሁለቱ መካከል የተከፈተው የጥቂት ሰኮንዶች ርቀት እያደር ሰፍቶ፣ ሩቤ ከተማ ካለው የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ ሲደርስ 1 ደቂቃ ከ18 ሰኮንድ ሆነ።

ይህን ውድቀት ከነገሩ ሁሉ አስቀድሜ ያነሣሁት የባለታሪኩን ስም ለማሳነስ አይደለም፤ ይልቁንም ፖጋቻር በአንድ ቀን ውድድር ሊቃውንት መካከል ያለውን መዓርግ ለመመዘን የሚሻ ሰው፣ ድል ካደረገባቸው ስፍራዎች ይልቅ ድል ከተነሣባቸው ቢጀምር ወደ እውነቱ ይበልጥ ይቀርባል ብዬ ስለማምን ነው። አምስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈበት የሎምባርዲያ ዙር ምን ዓይነት ጋላቢ እንደ ሆነ ይነግረናል፤ ሁለተኛ የወጣበት ሩቤ ግን ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ይነግረናል።

አብዛኛው አንባቢ የብስክሌት ውድድር ሲባል በሐሳቡ የሚመጣለት ሦስት ሳምንት የሚፈጀው ቱር ደ ፍራንስ ነው። በዚያ ውድድር አንድ ቀን የደከመ ሰው በማግስቱ ሊያካክስ ይችላል፤ በአንድ ቀን ውድድር ግን ማግስት የሚባል ነገር የለም። ማለዳ ተነሥቶ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ የጋለበ ሰው፣ ጎማው ቢተነፍስ ወይም ከፊቱ ያለው ቢወድቅበት፣ የክረምቱ ልምምድ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ከንቱ ይሆናል፤ ወደዚያ መንገድ የሚመለሰውም ዓመት ጠብቆ ነው። ከነዚህ ውድድሮች መካከል በዕድሜም፣ በርዝመትም፣ በክብርም የላቁት አምስቱ በጋላቢዎች ዘንድ «ሐውልቶች» ተብለው ይጠራሉ። እነርሱም በ1892 የተጀመረው የቤልጂጉ ሊዬዥ–ባስቶኝ–ሊዬዥ፣ በ1896 የተጀመረው ፓሪስ–ሩቤ፣ በ1905 የተጀመረው የሎምባርዲያ ዙር፣ በ1907 የተጀመረው ሚላኖ–ሳን ሬሞና በ1913 የተጀመረው የፍላንደርስ ዙር ናቸው፤ እነዚህንም ሆነ ከዚህ በኋላ የማነሣቸውን ዓመታት የምቈጥረው፣ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የአምስቱ ምሥጢር ባሕርያቸው እርስ በርሱ የሚጻረር መሆኑ ነው። ሊዬዥና ሎምባርዲያ ዳገት የሚወጣውን ቀጭን ሰው ይሻሉ፤ ሩቤ በድንጋይ ላይ የማይነቃነቀውን ከባድ ሰው ይመርጣል፤ ፍላንደርስ አጫጭርና ቀጥ ያሉ ዳገቶችን በድንጋይ አንጥፎ ሁለቱንም ይፈትናል፤ ሳን ሬሞ ደግሞ ሁሉንም ለመጨረሻው የፍጥነት ፍልሚያ ያሰልፋል። በአንዱ ዘንድ ጸጋ የሆነው ሰውነት በሌላው ዘንድ ሸክም ነው።

በቁጥሩ ላይ ክርክር የለምና እርሱን አስቀድሜ ልንገር። እስከ 2025 የውድድር ዘመን ፍጻሜ ፖጋቻር ዐሥር ሐውልት አሸንፏል፤ ሎምባርዲያን ከ2021 እስከ 2025 አንድም ዓመት ሳያቋርጥ፣ ሊዬዥን በ2021፣ በ2024ና በ2025፣ ፍላንደርስን በ2023ና በ2025። ያን ጊዜ ከርሱ በላይ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ሁለቱም ቤልጂጋውያን ናቸው፤ ሮጀር ደ ቭላሚንክ 11፣ ኤዲ መርክስ 19 አላቸው። በዘጠኝ የቆሙት ጣልያናውያኑ ኮስታንቴ ጂራርዴንጎና ፋውስቶ ኮፒ፣ አይርላንዳዊው ሾን ኬሊም፣ ዛሬ ከርሱ በታች ተጽፈዋል። ነገር ግን ከቁጥሩ መዝገብ ጎን ሌላ የጠበበ መዝገብ አለ፤ አምስቱንም ሐውልቶች ያሸነፉ ሰዎች መዝገብ ነው፤ በርሱም ላይ የተጻፉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ መርክስ፣ ደ ቭላሚንክና ሪክ ቫን ሎይ። ቫን ሎይ በጠቅላላው ስምንት ሐውልት ብቻ ኖሮት ሳለ ከኮፒና ከኬሊ ጋር ስሙ በእኩል የሚጠራው ስለዚህ ነው። ኬሊ በፍላንደርስ ሦስት ጊዜ ሁለተኛ ሆኖ ወጥቶ አንድም ጊዜ አላሸነፈም፤ እነሆ ይህ አንድ ጉድለት እስከ ዛሬ ከስሙ ጋር ይነሣል። ፖጋቻርም እስከ 2025 ፍጻሜ ሩቤና ሳን ሬሞ ስለ ጎደሉት ከዚህ ሁለተኛው መዝገብ ውጭ ቆሞ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎች ሳያስተውሉ የሚያልፉት አንድ ሒሳብ አለ። መርክስ 27 ዓመት በሞላው በ1972 ማብቂያ ላይ 13 ሐውልት ነበረው፤ ፖጋቻርም 27 ዓመት በሞላው በ2025 ማብቂያ ላይ 10 ነበረው። ልዩነቱ ሦስት ነው፤ ዳሩ ግን ከመርክስ ዐሥራ ሦስት ድሎች መካከል አምስቱ የሳን ሬሞ ነበሩ። ያን አንድ ውድድር ከሁለቱም ላይ አንሥተን ብንቈጥር፣ በዚያው ዕድሜ መርክስ ስምንት፣ ፖጋቻር ዐሥር ይሆናሉ። ይህን የምለው መርክስን ከዙፋኑ ለማውረድ አይደለም፤ ሳን ሬሞን ሰባት ጊዜ ማሸነፍም በአጋጣሚ የሚሆን ነገር አይደለም። የምለው ይህ ነው፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ርቀት ሁሉ በአንድ የባሕር ዳር መንገድ ላይ ተከማችቶ ይገኛል፤ እንግዲህ ያን መንገድ ቀርቦ ማየት ይገባል።

ከሎምባርዲያ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ሊጉሪያ ባሕር የሚወርደው ይህ ውድድር 290 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ከሐውልቶቹ ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ሆኖም ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ እስኪያልፍ ድረስ ሊታይ የሚገባው ነገር እምብዛም አይደረግም። ፍርዱ የሚሰጠው በሁለት አነስተኛ ዳገቶች ላይ ነው፤ አንዱ ቺፕሬሳ ከ5 ኪሎ ሜትር ተኩል በጥቂት የሚበልጥ ርዝመት አለው፣ ሁለተኛው ፖጂዮ 4 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ የሁለቱም አማካይ ተዳፋት 4 ከመቶ ገደማ ነው። የፖጋቻር መከራ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዳገት ቀጥ ባለ ጊዜ ጋላቢው የሚታገለው ከራሱ ክብደት ጋር ስለ ሆነ፣ ቀላሉ ሰው በእያንዳንዱ ሜትር ያተርፋል፤ ከኋላው መጠለልም ለተከታዩ ብዙ አይጠቅመውም። ዳገቱ ሲለዝብ ግን ፍጥነቱ ስለሚጨምር የሚታገሉት ከነፋስ ጋር ነው፤ ያን ጊዜ ከፊት የሚመራው የነፋሱን ሸክም ሁሉ ይሸከማል፣ ከኋላ ጎማው የተጠጋው ደግሞ ከድካሙ ብዙውን እጅ ይቈጥባል። ስለዚህ በሎምባርዲያ ተራሮች ላይ ተከታዮቹን ሁሉ በትኖ የሚሄደው ኀይል፣ በፖጂዮ ላይ ለጠላቱ መጠለያ ይሆናል።

ፖጋቻር ይህን እያወቀ በየዓመቱ ይመለሳል። በ2022 አምስተኛ፣ በ2023 አራተኛ፣ በ2024ና በ2025 ሦስተኛ ወጣ፤ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ የሚያይ ሰው የመሰላሉን ቁመት የሚለካ ይመስለዋል። በ2025 ከፖጂዮ ይልቅ በቺፕሬሳ ላይ አጠቃ፤ ብዙ ዘመን ከዚያ የተነሣ ሰው ወደ ግቡ ሳይደርስ ይያዛል ሲባል የኖረው ፈርሶ ታየ፤ ዋናው ጭፍራ ተመልሶ አልደረሰበትምና። ከርሱ ጋር የቀሩት ቫን ደር ፑልና ጣልያናዊው ፊሊፖ ጋና ብቻ ነበሩ። በፖጂዮ ላይ ደጋግሞ ሞከረ፤ በቪያ ሮማ ጎዳና በተደረገው የመጨረሻ ፍልሚያ ግን ቫን ደር ፑል አንደኛ፣ ጋና ሁለተኛ ሆኑ። በውድድሩ ከሁሉ ይልቅ የደከመው ሰው ሦስተኛ ወጣ፤ ሳን ሬሞ ግን የሚሸልመው ድካምን ሳይሆን የተቈጠበ ኀይልን ስለ ሆነ በፍርዱ አድልዎ አለ ማለት አይቻልም።

ወደ ሰሜኑ ድንጋይ ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በአገራችን ከተሞች ኮብልስቶን እየተባለ የሚነጠፈው ጥርብ ድንጋይ እርስ በርሱ ተጋጥሞ የተስተካከለ ነው፤ የሩቤው ግን ለጋሪና ለእርሻ የተነጠፈ አሮጌ መንገድ ሆኖ፣ የድንጋዮቹ ራስ ጎብጦ፣ በመካከላቸው ያለው አፈር በየክረምቱ ታጥቦ፣ ከሩቅ ሲያዩት የተቀደደ ጨርቅ ይመስላል። በ2025 ከ259 ኪሎ ሜትሩ 55 ያህሉ በ30 ስፍራ ተከፋፍሎ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የሚካሄድ ነበር። በዚህ ላይ ከባድ ሰው ሲጋልብ ብስክሌቱ ድንጋዩን ይጫነዋል፤ ቀላል ሰው ሲጋልብ ግን ድንጋዩ ብስክሌቱን ያነጥረዋል። የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊዎች ከሩቤ የሚሸሹትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እጅ ወይም ትከሻ የተሰበረ ሰው የዓመቱን ዋና ተስፋ በሚያዝያ ወር ይቀብራል። ሚጌል ኢንዱራይን አምስት ጊዜ፣ ክሪስ ፍሩም አራት ጊዜ ቱርን አሸንፈው ሳለ አንዳቸውም አንድ ሐውልት እንኳ የላቸውም። ከቱር ባለድሎች ወገን ሩቤን ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው ፈረንሳዊው ቤርናር ኢኖ ነው፤ እርሱም ያን ውድድር እንደሚጠላ ሳይሸሽግ፣ በ1981 የቀስተ ደመናውን ማሊያ ለብሶ፣ ደጋግሞ ወድቆ ደጋግሞም ተነሥቶ አሸነፈ። ከዚያ እስከ 2025 ድረስ 44 ዓመት አለፈ።

እንግዲህ ፖጋቻር በ2025 ሩቤን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጋልብ በተነሣ ጊዜ ሦስት ቱርና ሁለት የሊዬዥ ድል በእጁ ነበረው፤ ማንም አላስገደደውም፣ ባይሄድም ስሙ አይጎድልም ነበር። ሳምንት ቀድሞ በፍላንደርስ ዙር አውደ ክዋርሞንት በሚባለው ዳገት ላይ ቫን ደር ፑልን ጥሎ ብቻውን ገብቶ ነበር፤ ያን ዳገት ያየ ሰው አይረሳውም፤ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ መካከሉ በድንጋይ የተነጠፈ፣ ግራና ቀኙ በሕዝብ የታጠረ ነው፤ ሌሎች ከኮርቻቸው ተነሥተው በሚታገሉበት በዚያ ድንጋይ ላይ እርሱ ብዙውን ጊዜ ተቀምጦ ፔዳሉን በእኩል ምት ይመታል፤ ክብደቱ ከኋላ ጎማው ላይ ስለሚያርፍ ጎማው ድንጋዩን አይስትም፤ ተመልካቹም ማጥቃቱን የሚያውቀው ከርሱ እንቅስቃሴ ሳይሆን ከኋላው ያሉት በድንገት ሲርቁ ነው። ማድስ ፔደርሰን በአንድ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ሁለተኛ ወጣ። ፖጋቻር ይህን ድል ይዞ ለማረፍ በቂ ምክንያት ነበረው፤ እርሱ ግን ሰውነቱ ወዳልተፈጠረለት ወደ ሩቤ ሄዶ፣ ከመቶ ሰባ የሚበልጡ ሰዎች ተራ በተራ ሲቀሩ እስከ መጨረሻዎቹ ሁለት ደረሰ። በዚያ ዓመት በሳን ሬሞ ሦስተኛ፣ በፍላንደርስ አንደኛ፣ በሩቤ ሁለተኛ፣ በሊዬዥና በሎምባርዲያ አንደኛ ሆኖ፣ በአንድ የውድድር ዘመን በአምስቱም ሐውልቶች ከሦስቱ አሸናፊዎች መካከል የቆመ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። ይህን መርክስም አላደረገውም።

ይህን ሁሉ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሡትን ክርክር ንቄ ማለፍ አልፈልግም። ከዐሥሩ ድሎቹ አምስቱ በአንድ ውድድር ላይ የተገኙ ናቸው፤ የሎምባርዲያም ዳገቶች ለርሱ የተለኩ ይመስላሉ ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የመርክስም ሰባቱ በሳን ሬሞ፣ የኮፒም አምስቱ በዚያው በሎምባርዲያ የተገኙ ናቸው፤ ታላላቆች ሁሉ አንድ የርስት መሬት አላቸው። ደግሞም ዛሬ የተለወጠው መንገዱ ሳይሆን መሣሪያው ነው ይላሉ፤ ሰፋፊ ጎማዎች የድንጋዩን ጥርስ አለዝበዋል፣ ጋላቢዎች በሰዓት መቶ ግራምና ከዚያም በላይ ኃይል ሰጪ ምግብ መውሰድን ስለ ተማሩ ከሩቅ ተነሥቶ ማጥቃት የቀድሞውን ያህል ራስን ማጥፋት አይደለም፤ ቡድኑም ከሀብታሞቹ ወገን ነው። ይህንንም እቀበላለሁ፤ ሆኖም ጎማውና ምግቡ ለሁሉም የተሰጠ ሲሆን ከመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚነሣው አንድ ሰው ነው። በኔ አስተያየት ከሁሉ የበረታው ክርክር ሌላ ነው፤ እርሱም በድንጋዩ ላይ በርሱ ዘመን ከርሱ የሚበልጥ ሰው መኖሩ ነው።

ቫን ደር ፑል እስከ 2025 ፍጻሜ ስምንት ሐውልት ነበረው፤ ሦስት ፍላንደርስ፣ ሁለት ሳን ሬሞ፣ ከ2023 እስከ 2025 ያሉት ሦስት ሩቤ። ሩቤን ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፉት ከርሱ በፊት ኦክታቭ ላፒዝና ፍራንቼስኮ ሞዘር ብቻ ናቸው። አባቱ አድሪ ፍላንደርስንና ሊዬዥን ያሸነፈ፣ የእናቱ አባትም ጋላቢው ሬይሞን ፑሊዶር በመሆኑ፣ ይህ ሞያ ከደም የወረደለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጭቃና በአሸዋ ላይ በሚደረገው የክረምት ውድድር ስላደገ፣ ፖጋቻር የሳተውን ዓይነት መታጠፊያ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ስለዚህ በድንጋይና በሳን ሬሞ መንገድ ላይ የዘመኑ መምህር ማን ነው ብትሉኝ ቫን ደር ፑል ነው ብዬ እመልሳለሁ፤ ነገር ግን መምህሩ በሎምባርዲያ ተራሮች ላይ የደቀ መዝሙሩ ተፎካካሪ ሊሆን አይችልም፤ ደቀ መዝሙሩ ግን በመምህሩ ቤት ገብቶ እስከ መጨረሻው ይታገለዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን የመዓርግ ልዩነት የምፈርደው በዚህ ነው።

የመስቀል በዓል በዋለ ማግስት፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በኪጋሊ የሆነውን ያየ አፍሪካዊ ለዚህ ፍርድ ሌላ ምስክር አያሻውም። የዓለም የመንገድ ሻምፒዮና ከተጀመረ ጀምሮ በአፍሪካ ምድር ሲደረግ ያ የመጀመሪያው ነበር። የሩዋንዳ ዋና ከተማ እንደ አዲስ አበባ ሁሉ በኮረብታ ላይ የተሠራች ስለ ሆነች 267 ኪሎ ሜትር ተኩል የነበረው መንገድ ከመውጣትና ከመውረድ በቀር ሌላ አልነበረውም፤ ለግቡ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ፖጋቻር በኪጋሊ ተራራ ላይ ተነሣ፤ የመጨረሻውን 66 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ጋለበ፤ ሬምኮ ኤቨኔፑል 1 ደቂቃ ከ28 ሰኮንድ ዘግይቶ ሁለተኛ ሲሆን፣ ከተነሡት ሁሉ እስከ ፍጻሜ የደረሱት 30 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዙሪክም እንዲሁ አድርጎ ነበር። በኪጋሊ ኮረብታ ላይ በመንገዱ ዳር የተሰለፈው ሕዝብ ይህን ውድድር እንደ እንግዳ ነገር አልተቀበለውም፤ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2022 ጌንት–ዌቨልገምን አሸንፎ ከቤልጂግ የድንጋይ ውድድሮች አንዱን የወሰደ የመጀመሪያ አፍሪካዊ ከሆነ ወዲህ፣ በዚህ አህጉር ያለ ልጅ ክላሲክ የሚባለው የአንድ ቀን ውድድር የሌሎች ርስት ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

ስለዚህ ፍርዴን ልናገር። በአንድ ቀን ውድድር ሊቃውንት ተራ መርክስ የተቀመጠበትን ወንበር ማንም አልቀረበውም፤ ከርሱ ቀጥሎ ባለው ወንበር ላይ ግን፣ ደ ቭላሚንክ እስከ 2025 ፍጻሜ በአንድ ሐውልት ቢበልጥም፣ አምስቱንም ስለ ማሸነፉ የሚገባውን ክብር ሁሉ ብሰጠውም፣ እኔ ዛሬ ፖጋቻርን አስቀምጠዋለሁ። ደ ቭላሚንክ ከዐሥራ አንዱ አራቱን ያገኘው በተወለደበት ሞያ በሩቤ ነው፤ ቱር ደ ፍራንስን ለማሸነፍ የሚያስፈልገውን ሸክም አልተሸከመም። ፖጋቻር ግን እስከ 2025 ፍጻሜ አራት ቱርና አንድ ጂሮ ዲታሊያ ባሸነፈ ሰውነት ይህን ሁሉ ሠርቶ፣ የሚያሸንፈውን ሰብስቦ ከመኖር ይልቅ ወደሚሸነፍበት መንገድ በየዓመቱ ተመለሰ። በዚህ ዘመን ጋላቢዎች እያንዳንዱ በየሞያው ታጥሮ፣ ዳገተኛው ለዳገት፣ ፈጣኑ ለሜዳ፣ ከባዱ ለድንጋይ ተለይቶ በሚኖርበት ጊዜ፣ አጥሩን የጣሰው እርሱ ነው።

በ2025 ፍጻሜ የቀሩት ሁለቱ ሐውልቶች እኩል የራቁ አይመስሉኝም ነበር። ሩቤ ላይ የሚያስፈልገው መንገዱን ማወቅ ነው፤ ያም በልምድ ይገኛል፤ መታጠፊያው ያው መታጠፊያ፣ ድንጋዩም ያው ድንጋይ ነው። ሳን ሬሞ ግን ከተፈጥሮ ጋር የሚደረግ ክርክር ነው። ከፖጂዮ ጫፍ እስከ ቪያ ሮማ ያለው መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ አብዛኛው ቁልቁለት ነው፣ ከፊት ለሄደ ሰው ዐሥር ሰኮንድ ይበቃዋል፣ ሁለት ሰኮንድ ግን አይበቃውም። በ2025 ቺፕሬሳ ሲጀምር ከኋላው ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ ሲፈጸም ሁለት ቀሩ፤ ከሁለቱም ጋና በፖጂዮ ላይ ተለይቶ በቁልቁለቱና በሜዳው ተመልሶ ደረሰ። በዚያ ዳገት ላይ ከኋላ ጎማው ያልራቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር።